ድንቡሼ በሐዘን ድንኳን

ለዓለም ችግር ሁሉ አንዲት መድኃኒት ያገኘ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አንዱ ራስ ምታትም ይሁን የጎረቤት ጠብ ዝንጅብል ይቀቀልበት ይላል። አንዷ ለአራስም፣ ለሙሽራም፣ ፈተና ለወደቀ ተማሪም ያንኑ ተልባ ትበጠብጣለች። ሌላው ደግሞ የተሰበረ ወንበር፣ የተገነጠለ በር፣ የላላ ጋብቻ፣ ሁሉንም በሽቦ አስራለሁ ባይ ነው። እነዚህን ሰዎች ተከራክሮ መርታት አይቻልም። ክፋቱ፣ አልፎ አልፎ ይሳካላቸዋል።

ለደብረ ማርቆስ የደረሷት ከሁሉም የላቁት ናቸው፤ ክቡር አቶ ባምላኩ፣ የማስታወቂያ ጸሐፊ፣ የባነርና የማኅተም ባለሙያ፣ የወፍራም ፊደል አባትና ሞግዚት። የእሳቸው መድኃኒት አንድ የፊደል ዓይነት ነው። በወጣትነታቸው ቆርቆሮ ላይ በብሩሽ ሲጽፉ ፊደላቸው ከዓመት ዓመት እየወፈረ ሄደ። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ሁሉ በትልልቅ ወረቀት ላይ ሥለው፣ ለሚያውቅ ሰው ሰጥተው ማሽኑ ውስጥ አስገቡት። ስሙንም «ድንቡሼ» አሉት። ከዚያ ወዲህ በሱቃቸው ውስጥ ሌላ ፊደል የለም። ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ ይባላል፤ ሲከፈት ያየ ግን የለም።

እሳቸው ራሳቸው ነፋስ ሲነሳ የሱቃቸውን መቃን ይዘው የሚቆሙ ቀጭን ሰው ናቸው። ለሰውነታቸው የታሰበውን ሥጋ ሁሉ ለፊደሎቻቸው ያካፈሉ ይመስላል። የድንቡሼን ፊደላት ያላየ ሰው ምን ብሎ ይረዳል? ሀ አፉ የሰፋ፣ ጎኑ የተነፋ ጋን ነው። ጠ በሦስት ወፋፍራም እግሮቹ እንደ በርጩማ ተደላድሎ ተቀምጧል። ቀ ያለው እግር አንድ ብቻ ነው፤ ጉንጩ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። ዐ ደግሞ ትኩስ ድፎ ዳቦ ነው፤ ሲያዩት ቆርሰህ ብላኝ ይላል። ሹል ነገር የለባቸውም። ጠርዛቸው ሁሉ ክብ፣ ሆዳቸው ሁሉ ሙሉ፣ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው የቆሙበት ሁኔታ ሁሉ ከድግስ የወጡ ዘመዳሞች ያስመስላቸዋል።

ለምን ይህን ያህል አወፈሯቸው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አቶ ባምላኩ ሁለት መልስ አላቸው። አንደኛው «ፊደልም ይብላ እንጂ» የሚል ነው። ያ ካላጠገበው «ከሩቅ የማይሰማ ፊደል ሹክሹክታ ነው» ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

የት የት ተጽፎ እንደሆነ ብንዘረዝር አይመሽም አይነጋም። ከአስፋልቱ ዳር የተከፈተው የስፖርት ቤት «ክብደት እንቀንሳለን» የሚለውን በድንቡሼ አስጽፏል። ባለቤቱ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ፤ ከ«ክ» ጀምሮ ክብደት የቀነሰ ፊደል አንድም አልነበረም። አቶ ባምላኩ ግን አልደነገጡም። ይህ ሰው ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያለው መልኩ ነው፣ ሲወጣ ያለውን አንተ አሳየው ብለው አሰናበቱት። የጥርስ ነቃዩ ማስታወቂያ ፊደሎች ጉንጫቸው ያበጠ ነበሩና በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሳያስበው ጉንጩን ይነካ ጀመር። አንድ የባጃጅ ሾፌር በኋላው መስታወት «እግዚአብሔር ያውቃል» አስጽፎ፣ ጽሑፉ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ሞላውና፣ ከኋላ የሚመጣውን መኪና እውነትም እግዚአብሔር ብቻ ያውቀው ጀመር።

በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ለተቀመጠው ራፖር ጸሐፊም «የክስ ማመልከቻ እንጽፋለን» የሚል ሠርተውለታል። በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ከአምበር መጥተው፣ ከጽሑፉ ፊት ቆመው፣ አንዱ ፈገግ ሲል ሌላው አይቶት፣ ነገሩ በሽማግሌ ቀረ ይባላል። ራፖር ጸሐፊው ገበያዬን ዘጉብኝ ብሎ ለአንድ ክረምት አኮረፋቸው።

ልክ የሆነበት ቦታ የለም ማለት ግን ውሸት ነው። የጭማቂ ቤቱን «ማንጎ» ያየ ሰው ምራቁን ሳይውጥ አያልፍም። የመዋእለ ሕፃናቱን ግድግዳ ደግሞ ሄዶ ማየት ነው። ልጆቹ በቁመታቸው ልክ ያለውን የፊደል ሆድ ጠዋት ሲገቡና ከሰዓት ሲወጡ እየደባበሱ ቀለሙን አደብዝዘውታል። ከዚያ በላይ ያለው አሁንም እንደ አዲስ ያበራል። አንድ መምህር ይህን ካየ በኋላ፣ እሺ ጋሼ፣ ድንቡሼ የማይጻፍበት ቦታስ የት ነው ብሎ ጠየቃቸው። አቶ ባምላኩ ብሩሻቸውን አስቀምጠው ብዙ አሰቡ። «እስካሁን አላጋጠመኝም» አሉ በመጨረሻ።

ይህን ሁሉ ከማንም አብልጦ የሚያውቀው ምስጋናው ነው። ምስጋናው በአንድ ትምህርት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ እዚያው የቀረ፣ ፀጉሩ በጆሮ ግንዱ ላይ መሸበት የጀመረ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው። የእጅ ጽሑፉ ቀጭን ነው፤ ፊደሎቹ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስል ወደ አንድ ጎን ያጋድላሉ። የወይራ ሰፈር መረዳጃ ዕድር ጸሐፊ የሆነውም ወዶ አይደለም። በተመረጠ ቀን እምቢ ለማለት ጉሮሮውን ሲጠርግ እሺ ያለ መሰላቸውና አጨበጨቡ።

ምስጋናው ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር አለው። ከሥራ ሲወጣ አቋራጩን ትቶ በአቶ ባምላኩ ሱቅ በኩል ዞሮ ይሄዳል። ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው የኤሌክትሪክ ምሰሶ አጠገብ ቆሞ፣ ስልኩን የሚመለከት መስሎ፣ ፊደሎቹን ያያል። በሕይወቱ ያለ ሃፍረት ቦታ የያዘ ነገር ሲያይ ይደንቀዋል። እነዚያ ፊደሎች ደግሞ የተሰጣቸውን ሸራ በሙሉ ይይዛሉ፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም፤ ግን ደግሞ ማንንም አይጋፉም። አንድ ሰው ይህን ከየት አመጣው እያለ፣ ካፊያ እስኪያበሰብሰው ይቆማል።

የነገሩ መነሻ ያለፈው ክረምት ነው። የወይራ ሰፈር ዕድርና የጎረቤቱ ዕድር በአንድ ሳምንት ሬሳ ወጣባቸውና፣ በሐምሌ ጉም ውስጥ ሁለት ነጫጭ ድንኳኖች ትይዩ ቆሙ። አክስቱ ያረፈችበት አንድ ሰው ከደብረ ኤልያስ ሌሊት ተነስቶ መጥቶ፣ ኩታውን አዘቅዝቆ ለብሶ፣ ደረቱን እየደቃ ገባ። ለቅሶው ያስቀና ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ እንደ አዲስ አለቀሰለት። ደጊቱ እናቴ፣ ሙያሽን ማን ይተካዋል ሲል ግን ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ፤ በዚያ ድንኳን የሚለቀስላቸው ሪዛም የሃምሳ አለቃ ነበሩ።

የወይራ ሰፈር ሰው አፈረ። አክስቲቱ የእነሱ ነበረች። ወዲያው በተጠራ ስብሰባ የዕድሩ ስም በድንኳኑ የፊት ሸራ ላይ በትልቁ እንዲጻፍ ተወሰነ። የሚጽፉትም የዕድሩ አባል አቶ ባምላኩ ሆኑ፤ ሌላ ጸሐፊ ፈልጎ የራስን አባል ማለፍ ነውር ነው።

የዕድሩ ሊቀመንበር መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ውሳኔውን በስብሰባው አልተቃወሙም፤ ግን አልወደዱትም። መሪጌታ ዲማ ሄደው ከቅኔው ሌላ ቁም ጽሕፈት የተማሩ፣ ብርዕ ቀርጸው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ብራና ላይ የጻፉ ሰው ናቸው። ፊደል ለእሳቸው ጾመኛ ነው። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አይንጠራራም፣ አይስቅም። ስብሰባው ሲበተን ምስጋናውን ለብቻው ጠሩትና ትእዛዛቸውን ሰጡት፤ ጽሑፉ ቀጭን፣ ጥቁር፣ የቆመ ይሁን፤ ሐዘን ነው እንጂ ሠርግ አይደለም፤ ይህን ለባምላኩ ነግረህ፣ አጠገቡ ቆመህ አስጽፍ አሉት። ምስጋናው እሺ መሪጌታ አለ።

ሲሄድ መንገድ ላይ ቃሉን አጠና። ጋሽ ባምላኩ፣ መሪጌታ ቀጭን ይሁን ብለዋል። ጋሽ ባምላኩ፣ ለዛሬ ብቻ ቀጭን ይሁን። ከሱቁ ሲደርስ ሸራው መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ አቶ ባምላኩ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲያቸው ላዩ ላይ ተንበርክከዋል። በእርሳስ መስመር ጥለው ጨርሰው፣ ብሩሹን በቀለም ነክረዋል።

«እንኳን መጣህ። ያችን ጫፍ ያዝልኝማ» አሉት።

ምስጋናው ጎንበስ ብሎ ጫፉን ያዘ። እስከዚያ ቀን ያለቁትን ፊደሎች እንጂ ሲወለዱ አላየም ነበር። ብሩሹ ከላይ ተነሳ፣ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ከመሐል ሲደርስ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ውጭ ወጣ፣ ተመልሶም ገባ። የአቶ ባምላኩ እጅ አልተንቀጠቀጠም። ትንፋሻቸውን እንኳ ከብሩሹ ጋር ይስቡት፣ ከብሩሹ ጋር ይለቁት ነበር። ምስጋናው ያጠናውን ቃል ሳይናገር የሸራውን ጫፍ አጥብቆ ያዘ።

ጥፋቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። አቶ ባምላኩ ግን ጠየቁት። ሁለተኛውን ፊደል ከመጀመራቸው በፊት ቀና ብለው «መሪጌታ ስለ ፊደሉ ያሉት ነገር አለ?» አሉት።

ይህን ጊዜ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሊናገር ይችል ነበር። ምስጋናው ሸራውን አየ፣ ብሩሹን አየ፣ መሬቱን አየ።

«እርስዎ ያውቃሉ» አለ።

በእኛ አገር እንዲህ ሲባል ትሕትና ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን አገር ያፈርሳል።

ሸራው ደርቆ፣ ተጠቅልሎ፣ ዕድሩ ቤት ገባ። ፈትቶ ያየው ሰው አልነበረም። ድንኳን ሬሳ ሳይኖር ከተተከለ ሞት ይጠራል ስለሚባል መሪጌታም ይዘርጋ ለማለት አልደፈሩም። ምስጋናው ሰው ሁሉ ጤና እንዲሆን በየቀኑ ይጸልይ ጀመር። በሰፈሩ አንድ ሰው ሲያስነጥሰው ከሁሉ ቀድሞ ይማርህ የሚለው እሱ ነበር።

ጸሎቱ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሠራ። ከዚያ ወይዘሮ አሰገደች አረፉ። ወይዘሮ አሰገደች ከሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሰፊዋ፣ ሳቃቸው ከቤታቸው ወጥቶ ወንዝ ማዶ የሚሰማ፣ በማኅበር ቀን አግዳሚውን ለብቻቸው የሚሞሉ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ታረቀኝ በዚያው አግዳሚ ጠርዝ ላይ አንድ ጭናቸውን አሳርፈው የሚቀመጡ፣ ከእሳቸው ጋር ካልሆነ ንግግር የማያውቁ ትንሽ ሽማግሌ ናቸው።

ድንኳኑ ጠዋት ተተከለ። የፊቱ ሸራ ተፈትቶ ወደ ታች ሲወርድ ጉሙ እንኳ ወደ ኋላ የሸሸ መሰለ። «የወይራ ሰፈር መረዳጃ ዕድር» ይላል፤ ከዳር እስከ ዳር፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ጉንጫቸው ሙሉ፣ ሆዳቸው ሙሉ፣ በሐዘን ቤት ደጃፍ የተሰለፉ ጠግበው የሚስቁ ፊደሎች። ገመድ ይዘው የነበሩት ሰዎች ገመዱን እንደያዙ ቀሩ። የዕድሩን ዕቃ የሚያወጡት እትዬ ዓይናዲስ ከእነ ብረት ድስታቸው ቆመው ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«ሙሽራይቱ ከየት ነው የምትመጣው?» አሉ።

መሪጌታ ወደ ሸራው ተጠግተው በመቋሚያቸው ጫፍ አንዱን ፊደል ነካ አደረጉት፤ የሞተ ነገር ይሁን ሕይወት ያለው ለማረጋገጥ ይመስል። ከዚያ ሸራው ተገልብጦ ፊደሉ ወደ ውስጥ እንዲሆን አዘዙ፤ ሰው ከመድረሱ በፊት፣ ቶሎ። ምስጋናውን አንዴ ብቻ አዩት። ምስጋናው ገመድ ለማሰር ጎንበስ አለና ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ ቋጠሮ ቋጠረ።

እንግዲህ ከውጭ ሲታይ ድንኳኑ እንደ ማንኛውም ነጭ ድንኳን ሆነ። የሟች እኅት ከአምበር ሲመጡ ሁለቴ አልፈውት ሄደው በልጅ ተጠርተው ነው የተመለሱት። ከውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ሦስት ቀን ሙሉ ከድንቡሼ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ። ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ወደ ላይ ቢያይ ዝናብ ያባበጠው ጣሪያ ነው፤ ወደ ታች ቢያይ ጭቃ ነው፤ ወደ ፊት ቢያይ እነሱ ናቸው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ዳዊት ይደግማሉ፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ቀና ይላሉ፣ ያዩታል፣ መልሰው ይደፋሉ።

አቶ ታረቀኝ ከቀብር ከተመለሱ ወዲህ እህል አልቀመሱም። ሰው ሲያጽናናቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሲያቀርቡላቸው በእጃቸው ገፋ ያደርጋሉ። በሁለተኛው ቀን እትዬ ዓይናዲስ አጥሚት በማንቆርቆሪያ ይዘው ሦስቴ መጥተው ሦስቴ ተመለሱ። ሴቶቹ እሱንም ልናጣው ነው እያሉ በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። ምስጋናው ከጎናቸው ተቀምጧል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሸራው ላይ ተክለው ሳይነቅሉ በቆዩ ቁጥር እሱ በአግዳሚው ላይ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄደ። የሚስታቸው ሐዘን በእሱ ዝምታ ምክንያት መሳለቂያ እንደሆነ አሰበ።

«ይችን ማነው የጻፋት?» አሉ አቶ ታረቀኝ በድንገት። ድምፃቸው ከብዙ ዝምታ የተነሳ ሻክሯል።

ምስጋናው አቶ ባምላኩ ናቸው አላቸው፤ ይቅርታ ሊጨምርም አፉን ከፈተ።

«አሰገደችን ያውቃት ነበር?»

«የሰፈር ሰው ናቸው አባባ፣ ያውቋቸዋል።»

«ያውቃታል እንጂ» አሉ ሽማግሌው። ከጋቢያቸው ውስጥ አንድ ጣት አውጥተው «መረዳጃ» ከሚለው መጀመሪያ ላይ ያለችውን መ አሳዩት። መ እንደሚታወቀው ሁለት ክብ ነው፤ አቶ ባምላኩ ደግሞ በእጃቸው ሲጽፉ የቀኙን ክብ ከግራው እጥፍ አድርገው አሳብጠውታል። «ይችውና፤ በቀኝ ያለችው እሷ። በግራ በኩል ጠርዝ የያዝኩት እኔ። በማኅበር ቀን ልክ እንዲህ ነበር የምትገፋኝ።»

ምስጋናው አየ። እውነት ነው። አንዷ በደስታ ተዘርግታ ተቀምጣለች፤ ሌላው ተጠግቷት፣ ሊወድቅ የደረሰ መስሎ፣ ግን ሳይወድቅ።

የአቶ ታረቀኝ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባቸውም ፈሰሰ። ሰው ሁሉ ለቅሶው ገነፈለ ብሎ ሊይዛቸው ተነሳ። እትዬ ዓይናዲስ ግን ቀርበው ፊታቸውን ሲያዩ፣ ሽማግሌው እያለቀሱ ይስቁ ነበር። አጥሚቱን በዚያው ተቀበሉ። እየጠጡም ዓይናቸውን ከሸራው ላይ አላነሱም፤ አንዴም «ገፋ በይ እንጂ» ሲሉ ተሰሙ።

ይህን የሰማው በቅርብ የነበረ ሰው ብቻ ነው። መሪጌታ በዚያን ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ስለዚህ ሐዘኑ አልፎ የዕድሩ ጉባኤ ሲጠራ ጉዳዩ እንዳለ ነበር፤ አቶ ባምላኩ ትእዛዝ ጥሰው የዕድሩን ክብር አዋርደዋል፣ ሐዘንን መቀለጃ አድርገዋል፣ ፊደሉ ይፋቅ፣ እሳቸውም ከዕድሩ ይሰረዙ የሚል። ከዕድር መሰረዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። አቶ ባምላኩ ሚስታቸውን ቀብረዋል፣ ልጅ የላቸውም። ከዕድሩ ከወጡ፣ ሞት አይቀርምና አንድ ቀን ሲያልፉ፣ ድንኳን የሚተክልላቸው አይኖርም፤ አስከሬናቸውን የሚያነሳ ትከሻ በልመና ነው።

የዕድሩ ቤት በሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። መሪጌታ ክሱን በጥሩ ቋንቋ አቀረቡ። ፊደል ቁመና አለው፣ ቁመናውም ከቃሉ ጋር ይሄዳል፣ ለሚያለቅስ ሰው የሚስቅ ፊደል ማቆም በቁስል ላይ መዝፈን ነው አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እውነት ለመናገር ንግግራቸው ስሕተት አልነበረበትም። ከኋላ አንዱ ሰውየው ነግረውት እንኳ አልሰማም ማለት ንቀት ነው ሲል፣ ሌላው ድሮም ለሰው ጆሮ የለውም አለ።

አቶ ባምላኩ ሲጠየቁ ተነሱ። ቀለም የነካውን ኮታቸውን ወደ ፊት ጎተት አድርገው፣ ምስጋናውን ሳያዩ፣ ከእሱ በስተቀር ቤቱን ሁሉ አዩ። «ፊደሉ የኔ ነው። ጥፋት ከሆነም የኔ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ትእዛዙ አልደረሰኝም አላሉም። ማንን ጠይቀው ምን እንደተባሉ አልተናገሩም። ምስጋናው ይህን ልብ አለ። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ማንም አይጠይቀውም፣ ማንም አያውቅም፤ እሳቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው አይናገሩም። እግሮቹ ግን ሳያማክሩት ቆመው አገኛቸው። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየው፤ ምስጋናው በጉባኤ ሲናገር የሰማ ሰው አልነበረም።

«መሪጌታ፣ ትእዛዙ አልደረሳቸውም» አለ። «እኔ ነኝ ያላደረስኩት። ጠይቀውኝም ነበር።»

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። ፈርተኸው ነው ብለው ጠየቁት፤ መውጫ ሊሰጡት ፈልገው ነበር።

«አልፈራኋቸውም» አለ ምስጋናው። መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው፤ ግን ሁሉም ሰማው። «አምሮኝ ነው።»

አንዱ ሊስቅ ሲል እትዬ ዓይናዲስ በዓይናቸው መለሱት። ከዚያ ከጥግ በኩል አቶ ታረቀኝ እጃቸውን አነሱ። እሳቸው ረጅም አልተናገሩም። የባለቤታቸውን ፎቶ የሚያነሳ ሰው በዘመናቸው እንዳላገኙ፣ ያለው አንድ የመታወቂያ ፎቶ ብቻ እንደሆነና እሱም እንደማይስቅ ተናገሩ። «ሌላውን ፊደል እንደፈቀዳችሁ አድርጉት» አሉ። «መ አትፋቅብኝ።»

ነገሩን ያልሰሙ ሰዎች ከጎናቸው ካሉት ሲጠይቁ፣ የዚያ የአጥሚት ቀን ወሬ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሲሄድ፣ መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው ያዳምጡ ነበር። በመጨረሻ ፍርዳቸውን ሰጡ። ማንም አይሰረዝም። ከውስጥ ያለው እንዳለ ይቆይ፣ ለሚያለቅስ ሰው የሚያየው ነገር ይሁነው። ከውጭ በኩል ግን የዕድሩን ስም እሳቸው ራሳቸው በቁም ጽሕፈት ይጽፋሉ። ሐዘን ከውጭ ሲታይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት አሉ።

ጻፉም። እጅግ የሚያምር ጽሑፍ ነው፤ ጥቁር፣ ቀጭን፣ የጾመ። ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ ለማንበብ ግን መሪጌታን ራሳቸውን ጠርቶ ማስነበብ ያስፈልጋል። አቶ ባምላኩ ሊያዩት መጥተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ በአክብሮት ሲያደንቁ ቆዩ። «ያምራል መሪጌታ» አሉ። «ትንሽ ቁርስ ቢቀምስ።»

ከዚያ ወዲህ በወይራ ሰፈር የለቅሶ ልማድ ተለወጠ። ሰው ድንኳን ሲገባ ነፍስ ይማር ብሎ ይቀመጥና፣ ከሸራው ላይ ሟቹን ይፈልጋል። አንድ እግሯ የረዘመው ዳ ሲያነክሱ የኖሩት የሰፈሩ ዘበኛ ናት ተብሏል። እግሮቿን ከፍታ የቆመችው ሰ ሚዛን አላስነካም የምትል የነበረችው የእህል ነጋዴ ቁርጥ ናት። አንዳንድ ጊዜ ክርክር ይነሳል፤ ቤተሰቡ አንዱን ሲል ጎረቤቱ ሌላውን ይላል፣ በዚያ መሐል ሟቹ እንዴት ይሄድ እንደነበር፣ እንዴት ይቀመጥ እንደነበር ይወራል፣ ሰዓቱም ይሄዳል። መ ግን አይደፈርም። ከሥሩ ያለው የአግዳሚ ጠርዝ የአቶ ታረቀኝ ነው።

በዚህ ጥቅምት ሌላ ሰው አረፈና ድንኳኑ ተተከለ። ምስጋናው እንደ ልማዱ ከዳር ተቀምጧል። አቶ ባምላኩ ነፋስ ያላላውን የሸራ ገመድ ሊያጠብቁ በአግዳሚ ላይ ወጥተው ነበር፤ ቀጭን ጀርባቸው፣ ቀለም የነካው ኮታቸው፣ ብርድ የማይችል ትከሻቸው ከነዚያ ሁሉ ወፋፍራም ፊደሎች መሐል ይታያል። በዚህ ክረምት ሳል ይዟቸው ነበር፤ እስካሁን አልለቀቃቸውም።

ያኔ ምስጋናው ሳያስበው አንድ ሐሳብ መጣበት። የእሳቸው ቀን ሲደርስ እኔ ከዚህ ሆኜ የትኛውን ነው የማየው? ከ«የ» ጀመረ። አቶ ባምላኩን አትመስልም ብሎ ሊያልፋት ሲል መሰለቻቸው። ወደ ወ አለፈ፤ እሷም እሳቸው ናቸው። ራ፣ ፈ፣ ጃ፣ ዕ፤ አንድ በአንድ እስከ መጨረሻዋ ር ሄደ። ያ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ሰውነቱ ያጣውን ሥጋ ሁሉ ለሰው ያደለ፣ ጠይቆ እውነቱ ያልተነገረው፣ ሲከሰስም ማንንም ያላጋለጠው ሰው በእያንዳንዷ ውስጥ ተቀምጧል። አንዷን መርጦ ሌላውን የሚተውበት መንገድ አጣ።

ምስጋናው ከዳር ተነሳና ሄዶ አግዳሚውን ያዘላቸው፣ እንዳይወድቁ። ወርደው ሲቀመጡም ጋቢውን ገልጦ ግማሹን ደረበላቸው። አቶ ባምላኩ ምን ሆነሃል በሚል ዓይን አዩት። ምንም አልሆንኩም አላቸው። በልቡ ግን ከዕድሩ አባላት ማንም ለምኖ የማያውቀውን ነገር እየለመነ ነበር፤ ያ ቀን መጥቶ ይህን ሸራ ቀና ብሎ ከማየቱ በፊት እሱ ራሱ በሞት እንዲቀድም።